«ነገ እልካለሁ» እያለ 11 ሳምንት ያስቆጠረው ተራኪ

ጥያቄ፦ የጻፍኩትን ልብ ወለድ በድምፅ ለማዘጋጀት በግሉ የሚሠራ አንድ ወጣት ተራኪ ቀጠርኩ። ትረካውንም፣ የድምፅ አርትዖቱንም፣ የማስተሪንግ ሥራውንም (የድምፁን መጠንና ጥራት መጨረሻ ላይ የማስተካከል ሥራ) እሱው ሠርቶ በ6 ሳምንት ሊያስረክበኝ ተስማማንና የክፍያውን ግማሽ አስቀድሜ ሰጠሁት። ሲጠናቀቅ 7 ሰዓት ያህል እንደሚሆን የገመተውም እሱ ነው። አሁን 11ኛው ሳምንት ላይ ብንሆንም ከ14ቱ ምዕራፎች የደረሱኝ 3 ብቻ ናቸው። እነሱ ግን ግሩም ናቸው፤ መወሰን ያቃተኝም በዚህ ምክንያት ነው። መልእክት ስልክለት ከአራት ከአምስት ቀን በኋላ «ነገ እልካለሁ» ይለኛል፤ አለዚያም አንብቦ ዝም ይላል። በዚያው ሰሞን ግን ለሌሎች የሠራቸውን ማስታወቂያዎች በገጹ ላይ ሲለጥፍ አያለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም በመካከሉ ሁለት ምዕራፎችን አሻሽዬ እንደ አዲስ ልኬለታለሁ። የጽሑፍ ውል የለንም፤ የተነጋገርነው ሁሉ በቴሌግራም ነው። ልታገሠው? ገንዘቤን ልጠይቅ? ስሙን ጠቅሼ በአደባባይ ልጻፍበት? ወይስ ቀሪውን ለሌላ ሰው ልስጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተጠላልፈው ይታያሉ፤ አንደኛው መዘግየት ሲሆን ሁለተኛው ዝምታ ነው። መፍትሔያቸውም የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ማየቱ ይሻላል።

በድምፅ ሥራ መዘግየት ብርቅ አይደለም። ጉንፋን የያዘው ተራኪ ድምፁ እስኪመለስ ድረስ መቅረጽ አይችልም፤ ቢቀርጽም የአራተኛው ምዕራፍ ድምፅ ከሦስተኛው ጋር አይገጥምም። ከቤቱ አጠገብ ግንባታ የተጀመረበት ሰው ቀረጻውን ወደ ሌሊት ለማዞር ይገደዳል። እነዚህ ግን በሁለት መስመር መልእክት የሚገለጹ ምክንያቶች ናቸው። ምክንያቱን የሚናገር ሰው ቢዘገይም እርስዎ ዕቅድዎን ማስተካከል ይችላሉ፤ ዝም የሚል ሰው ግን መታገሥ ይኑርብዎ ወይም አይኑርብዎ የሚያውቁበትን መንገድ ጭምር ይወስድብዎታል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት አስቀድሞ «እዘገያለሁ» የሚል ሰው ሁለተኛ ዕድል ይገባዋል፤ ተጠይቆም የማይመልስ ሰው ግን ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር አንድ የመጨረሻ ቀን ከተቆረጠለት በኋላ ሊጠበቅ አይገባም።

ለመሆኑ የሰጡት ጊዜ በቂ ነበር? በትረካ ሙያ ተደጋግሞ የሚጠቀስ ግምት አለ፤ ለአንድ የተጠናቀቀ ሰዓት፣ ማለትም ለአድማጭ ለሚደርስ የአንድ ሰዓት ድምፅ፣ 6 ሰዓት ያህል ሥራ ያስፈልጋል ይባላል። ከዚህ ውስጥ ሁለት ሰዓት ገደማ ለንባቡ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ለአርትዖቱ ይውላል፤ የቀረው ከጽሑፉ ጋር እያመሳከሩ ለማዳመጥና ለማስተሪንግ ነው። የእርስዎ መጽሐፍ 7 ሰዓት ከሆነ ሥራው በድምሩ 42 ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው፤ ለ6 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 7 ሰዓት ይደርሳል። ማንም ተራኪ በአንድ ቀን ውስጥ ድምፁ ሳይደክም ሊያነብ የሚችለው ጥቂት ሰዓት ብቻ መሆኑን ብንጨምርበት እንኳ ጊዜው በቂ ነበር። የሥራው ክብደት ብቻውን ወደ 11ኛ ሳምንት አያደርስም።

የእርስዎ ድርሻም አለበት፤ ራስዎ ስላነሡት በግልጽ እንነጋገርበት። አንድ ምዕራፍ ከተቀረጸ በኋላ ሲሻሻል ተራኪው የተለወጡትን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አንብቦ በቦታቸው መሰካት ቀላል ይመስላል። በሥራው ግን አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ጋር እንዲገጥም የማይክሮፎኑን ርቀት፣ የክፍሉን ድምፅና የንባቡን ስሜት እንደገና ማግኘት ስለሚኖርበት ብዙ ጊዜ ሙሉውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ማንበብን ይመርጣል። ስለዚህ ሁለቱ ምዕራፎች ቀድሞ ተቀርጸው ከነበረ የሁለት ምዕራፍ ሥራ ጨምረውበታል ማለት ነው፤ ይህም የአንድ ሳምንት፣ ቢበዛ የሁለት ሳምንት መዘግየትን ያስረዳል። የአምስት ሳምንት መዘግየትንና አንብቦ ዝም ማለትን ግን አያስረዳም።

ወደ ማስታወቂያዎቹ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ያስቆጣዎት እነሱ ይመስሉኛል። የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በግማሽ ቀን ተሠርቶ ይጠናቀቃል፤ ክፍያውም ወዲያው ይመጣል። በእርስዎ ሥራ ግን ግማሹ ክፍያ በመጀመሪያው ቀን እጁ ገብቷል፤ ሌላው ግማሽ የሚመጣው 14ኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ነው። በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል ላለው የ11 ምዕራፍ ሥራ ሰውየውን በየሳምንቱ ወደ መቅረጫው የሚመልሰው አንዳች ነገር የለም። አጭሩና ቶሎ የሚከፈለው ሥራ በመጣ ቁጥር ረጅሙ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ወደ ኋላ በተገፋ ቁጥር ባለሙያው ያፍራል፤ ባፈረ ቁጥር ደግሞ መልእክትዎን መመለስ ይከብደዋል። ይህን የምለው ጥፋቱን ላቀልለት ብዬ አይደለም። ነገሩ ንቀት ከሆነ መለያየት ይሻላል፤ የክፍያው አወቃቀር ያመጣው ችግር ከሆነ ግን አወቃቀሩን በመለወጥ ሥራው ሊድን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁትም አሁን ለእሱ ለሚጽፉት ደብዳቤ በሚሰጠው መልስ ነው።

ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ግን ሁለት ነገሮችን ይፈጽሙ። መጀመሪያ በእጅዎ ያሉትን 3 ምዕራፎች አውርደው፣ እያንዳንዱን ከፍተው እስከ መጨረሻው መሰማቱን አረጋግጠው፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ ትልልቅ ፋይሎች የሚላኩባቸው ሊንኮች ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊዜያቸው ስለሚያልፍ «በቴሌግራም አለልኝ» በማለት አይተማመኑ። ቀጥሎም በቴሌግራም የተነጋገራችሁትን ሁሉ፣ በተለይም ስለ 6 ሳምንቱና ስለ ክፍያው የተባባላችሁበትን ክፍል፣ ከእነ ቀኑ አስቀርተው ይያዙ። የተፈረመ ወረቀት ባይኖርም አንዱ ሐሳብ ያቀረበበትና ሌላው የተቀበለበት የጽሑፍ ልውውጥ በብዙ ቦታ ለስምምነት ማስረጃነት ያገለግላል። የቴሌግራም መልእክት ግን ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ የሚችል ስለሆነ ዛሬ የሚያዩት ነገ ላይኖር ይችላል።

ደብዳቤውን በኢሜይል ይላኩት፤ በቴሌግራም ደግሞ መላክዎን ብቻ ያሳውቁት። ምሬት አይጨምሩበት፤ ማስታወቂያዎቹንም አያንሡ። ስለ ማስታወቂያዎቹ ካነሡ መልሱ ስለ ማስታወቂያዎቹ ይሆናልና። ለምሳሌ እንዲህ ሊጽፉ ይችላሉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ ስለ መጽሐፉ ትረካ ነው። በ6 ሳምንት ለማስረከብ ተስማምተን አሁን 11ኛው ሳምንት ላይ ደርሰናል፤ በእጄ ያሉት ምዕራፍ 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ሁለት ምዕራፎችን አሻሽዬ በመላኬ ሥራ እንደጨመርኩብህ አውቃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፉ ላይ ምንም ለውጥ አላደርግም። እስከ ዓርብ ማታ ድረስ የተቀረጹት ምዕራፎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከእነሱ መካከል አርትዖታቸው ያለቀው የትኞቹ እንደሆኑ፣ ቀሪዎቹንም በየትኛው ቀን እንደምትልክልኝ እንድታሳውቀኝ እጠይቅሃለሁ። ሥራውን ለመቀጠል ጊዜ ከሌለህ ይህንኑ ንገረኝ፤ ለሠራኸው ተሳስበን በሰላም እንለያያለን። እስከ ዓርብ ማታ መልስ ካላገኘሁ ግን ስምምነታችን እንዳበቃ ቆጥሬ ቀሪውን ለሌላ ባለሙያ እሰጣለሁ፤ ከቅድሚያ ክፍያውም ያልተሠራበትን ድርሻ እንድትመልስልኝ እጠይቃለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ዋናው ጥያቄ «መቼ ያልቃል» የሚለው አይደለም፤ የተቀረጸውና አርትዖቱ ያለቀው ተለይቶ እንዲነገርዎ መጠየቅዎ ነው። «መቼ» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ነገ» ብሎ ይገላገላል፤ «የትኞቹ ተቀርጸዋል» ተብሎ የተጠየቀ ግን ቁጥር መጥቀስ ይኖርበታል። መልሱም ለእርስዎ ውሳኔ ከፍተኛ ልዩነት ያመጣል። 14ቱም ምዕራፎች ተነብበው የቆሙት በአርትዖቱ ምክንያት ከሆነ ተራኪውን ማጣት አያስፈልግዎትም፤ ጥሬ ቅጂዎቹን በዋቭ (ባልተጨመቀ የድምፅ) ፋይል ተቀብለው ለሌላ የድምፅ አርታኢ መስጠትና የተራኪውን ክፍያ ለንባቡ ብቻ እንዲሆን መቀነስ ይችላሉ። ብዙ ተራኪዎች ማንበብ ያስደስታቸዋል፤ ትንፋሽና ስህተት እየለቀሙ ለሰዓታት መቀመጥ ግን ያስመርራቸዋልና ይህ ሐሳብ ለእሱም እፎይታ ሊሆንለት ይችላል። ንባቡ ራሱ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሞ ከሆነ ግን የሚድነው ነገር ጥቂት ነው።

መልስ ሰጥቶ አዲስ ቀን ከነገረዎ ቀኑን ብቻ ተቀብለው አይመለሱ። የቀረውን ክፍያ በምዕራፍ ከፋፍለው፣ ለምሳሌ ሁለት ሁለት ምዕራፍ ባስረከበ ቁጥር የሚከፈል እንዲሆን ይጠይቁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎችም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይምጡ። እዚህ ላይ ለእሱም የሚመች ነገር ያቅርቡ። የከፈሉት ግማሽ ምዕራፎቹ እኩል ርዝመት ካላቸው የ7 ምዕራፍ ዋጋ ነው፤ የተረከቡት 3 ስለሆነ የ4 ምዕራፍ ዕዳ አለበት። በጥብቅ ቢያሰሉት የሚቀጥሉት አራት ምዕራፎች ምንም ክፍያ አያመጡለትም፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ አራት ምዕራፍ ደግሞ እንደገና ወደ ኋላ መገፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ዕዳውን በቀሩት 11 ምዕራፎች ላይ አከፋፍለው፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ትንሽም ቢሆን እጁ የሚገባ ገንዘብ እንዲኖር ማድረጉ ለእርስዎም ይጠቅማል። አሻሽለው የላኩዋቸው ሁለት ምዕራፎች ተቀርጸው ከነበረም ለድጋሚ ንባቡ ይክፈሉት። የንባብ ስህተትን ያለ ክፍያ ማረም የተራኪው ግዴታ ነው፤ ደራሲው ሐሳቡን ለውጦ ያስነበበው ግን አዲስ ሥራ ነው።

ዓርብ ማታ ያለ መልስ ካለፈ ቅዳሜ ጠዋት ስምምነቱ መቋረጡን በአንድ አጭር ደብዳቤ ያሳውቁትና ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ «ምናልባት ሰኞ» ማለት ከጀመሩ ያስቀመጡት ቀን ትርጉም ያጣል። ገንዘብዎን የማስመለስ ዕድልዎ ግን በከፈሉበት መንገድ ይወሰናል። እንደ አፕወርክ ባሉ፣ ደንበኛንና ባለሙያን በኢንተርኔት በሚያገናኙ መድረኮች በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ገንዘቡ በየሥራው ደረጃ በአደራ ተይዞ ደንበኛው ሥራውን ሲያጸድቅ ይለቀቃል፤ ሆኖም ባለሙያው «አስረክቤአለሁ» ብሎ ካቀረበ በኋላ ደንበኛው 14 ቀን ዝም ካለ ክፍያው በራሱ ያልፋል። በፋይቨር፣ በሌላው ተመሳሳይ መድረክ፣ ደግሞ ይህ ጊዜ በአብዛኛው 3 ቀን ብቻ ነው። ባዶ ፋይል እንኳ ቢላክ ጊዜው መቆጠር ስለሚጀምር የደረሰዎትን በዚያው ዕለት ከፍተው መስማት አለብዎት። በኢንተርኔት የክፍያ አገልግሎቱ በፔይፓል የከፈለ ሰው ክፍያው ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ «ለቤተሰብና ለወዳጅ» በሚለው አማራጭ የተላከ ገንዘብ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው። እነዚህ ደንቦች ሊቀየሩ ስለሚችሉ አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት የወቅቱን ጽሑፍ ያንብቡ። በቀጥታ በባንክ ልከው ከሆነ የሚቀርዎት የጽሑፍ ጥያቄና፣ ገንዘቡ የሚያዋጣ ከሆነ፣ የአነስተኛ ክርክር የሕግ መንገድ ነው።

በአደባባይ ስለ መጻፍ የጠየቁኝን አሁን አላበረታታም። ጥሬ ቅጂዎቹ በእሱ እጅ እያሉ ስሙን ቢያነሡ የመተባበር ፍላጎቱን ያጠፉታል፤ በብዙ አገሮች የስም ማጥፋት ሕግ ስላለም ተበድለው ሳለ ራስዎ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ። ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ በቀጠሩበት መድረክ ላይ የተስማማችሁበትን ቀን፣ የተረከቡትንና ያልተረከቡትን ያለ ቅጽል የሚገልጽ አስተያየት መጻፍ ግን ሌሎችን ይጠቅማል። «ሦስቱ ምዕራፎች ጥሩ ነበሩ» የሚለውንም አይተዉት፤ እውነት ስለሆነ፣ ለቀረውም ተዓማኒነት ስለሚሰጠው።

ካልጠየቁኝ ጉዳይ አንዱን ልጨምር። ሰሞኑን በሦስት ምዕራፍ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ የአንድን ሰው ድምፅ መስሎ ቀሪውን የሚያነብ ሶፍትዌር በቀላሉ ይገኛል፤ «እሱ ባይጨርሰው ማሽኑ ይጨርሰዋል» የሚል ምክርም ከወዳጅ ሊመጣ ይችላል። ይህን ያለ ተራኪው የጽሑፍ ፈቃድ ፈጽሞ አያድርጉ። ከ1961 እ.ኤ.አ. የሮም ስምምነት ጀምሮ ከዋኞች፣ ማለትም እንደ ተራኪና ዘፋኝ ያሉ ባለሙያዎች፣ በተቀረጸ ክዋኔያቸው ላይ መብት እንዳላቸው በዓለም አቀፍ ደረጃ ዕውቅና ተሰጥቶታል፤ የእርስዎ ገንዘብ የገዛው የተነበበውን ምዕራፍ እንጂ የሰውየውን ድምፅ አይደለም። ሦስቱን ምዕራፎች ለብቻቸው ማሳተም ቢፈልጉ እንኳ የመጠቀም መብቱ ወደ እርስዎ መተላለፉን የሚገልጽ አንድ መስመር በጽሑፍ ያስፈልግዎታል። በሰላም የምትለያዩ ከሆነ ይህን መስመር በዚያው ዕለት ያስጽፉት፤ ከወር በኋላ ቢጠይቁ ላይመልስልዎት ይችላል።

ሌላ ባለሙያ ሲቀጥሩ ውሉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የተስማማችሁበት የቃል ብዛት ወይም የተጠናቀቀ ሰዓት ይጻፍበት፤ ሰዓቱን ለመገመት ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ድምፅዎን አውጥተው በትረካ ፍጥነት እያነበቡ ጊዜውን ይለኩና በገጾቹ ብዛት ያባዙት። በእንግሊዝኛ አንድ የተጠናቀቀ ሰዓት 9,300 ያህል ቃላት ይይዛል እየተባለ ይሰላል፤ በአማርኛ አንድ ቃል ብዙ ቅጥያ ስለሚሸከም ያንን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ያሳስታል። የፋይሉ ዓይነትም ይጠቀስ። ለምሳሌ የድምፅ መጻሕፍት ሻጭ ለሆነው ለኦዲብል መጻሕፍት የሚዘጋጁበት መድረክ፣ ኤሲኤክስ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ለየብቻ በኤምፒስሪ፣ በሴኮንድ ቢያንስ 192 ኪሎቢት፣ በ44.1 ኪሎኸርትዝ እንዲቀርብ፣ አማካይ የድምፁ መጠንም በኔጌቲቭ 23 እና በኔጌቲቭ 18 ዲሲቤል መካከል፣ ከፍተኛው ጫፍ ከኔጌቲቭ 3 ዲሲቤል ሳያልፍ፣ በዝምታው ውስጥ የሚሰማው ጫጫታ ደግሞ ከኔጌቲቭ 60 ዲሲቤል ሳይበልጥ እንዲሆን ይጠይቃል። እርስዎ እነዚህን ቁጥሮች መለካት አይጠበቅብዎትም፤ ውሉ ላይ ከሰፈሩ ግን «ጥራቱ አልወደድኩትም» ወይም «ጨርሻለሁ» የሚባል ክርክር ማብቂያ ያገኛል።

ከዚያው ከኤሲኤክስ አሠራር እኔ አብልጬ የምወደው ሌላ ነገር አለ፤ ተራኪው መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ አቅርቦ ባለመብቱ ሰምቶ ካጸደቀ በኋላ ነው ወደ ቀሪው የሚያልፈው። ከማንም ጋር ቢዋዋሉ ይህን ይውሰዱት። የንባቡ ፍጥነት፣ የገጸ ባሕርያቱ ስም አነባበብ፣ የድምፁ ጥራት የሚታረመው በዚያን ጊዜ ነው፤ ባለሙያው ለአስተያየት ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልስም ገና ብዙ ሳይከፍሉ ያዩታል። ክፍያውን ከዚህ በኋላ በምዕራፍ ይከፋፍሉት፤ በመጀመሪያ የሚሰጡት ቀብድ ከሩብ ባይበልጥ እመርጣለሁ። በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን፣ ምንም ባይሠራም እንኳ፣ «ይህን ያህል ቀርጫለሁ፣ ይህን ያህል ቀርቶኛል» የሚል አንድ መስመር እንዲላክ ይስማሙ። እርስዎም በበኩልዎ ጽሑፉን ጨርሰው ያስረክቡ፣ የተላከልዎትን በ3 ቀን ውስጥ ሰምተው አስተያየትዎን በደቂቃና በሴኮንድ ጠቅሰው ይመልሱ፣ ከተስማማችሁበት ቀን ውጭም በየማታው «የት ደረሰ» እያሉ አይጨቅጭቁት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቀሪውን ለሌላ ሰው ስለ መስጠት ነበር። አዲሱ ተራኪ ከአራተኛው ምዕራፍ እንዲቀጥል አያድርጉ። ታሪኩ በተለያዩ ገጸ ባሕርያት አንደበት የሚተረክና የድምፁ መለወጥ ምክንያት ያለው ካልሆነ በቀር አድማጭ ከሦስት ምዕራፍ በኋላ እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ከታሪኩ ይወጣል፤ የክፍሉና የማይክሮፎኑ ልዩነትም በማስተሪንግ ሙሉ በሙሉ አይሸፈንም። ሦስቱን ምዕራፎች እንደ ኪሳራ ቆጥረው 14ቱንም ለአዲሱ ሰው ይስጡ። ከመቅጠርዎ በፊት ደግሞ ለሁለት ወይም ለሦስት ዕጩዎች ከመጽሐፉ አንድ ዓይነት ገጽ፣ ቢቻል ንግግር የበዛበትን፣ ልከው እያስከፈሉዎት ያስነብቡ። የቀድሞውን ተራኪ ምዕራፎች እንደ አርአያ አያስደምጧቸው፤ የሚፈልጉት የእነሱን ንባብ እንጂ የእሱን ቅጂ አይደለም።